መርዶ ይዘን ወደ ጨዋታው

ወንድሜ መሞቱን ያልሰሙ አንድ ሰው ቀርተው ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እናታችን ተረድታለች። እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ያለው አበሻ ሰምቷል፤ የሥራ ጓደኞቹም ሰምተዋል። ያልሰሙት ከወንድሜ ጋር ፉትቦል ለማየት ከግዛት ግዛት ይጓዙ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን ማርዳት የእኔ ድርሻ ሆነ። ይህን ነገር ልጽፈው ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ትምህርቴ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው፤ መጻፍ አይቀናኝም። ቢሆንም እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ በዲቪ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለእኔም ደረሰኝ። የሰፈራችን ሰው "እነዚህ ቤት ዕጣው ይፈለፈላል እንዴ?" ብሎ ነበር። ኤርፖርት የተቀበለኝ እሱ ነው። ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ባለችው አፓርታማው አልጋ የሰጠኝ፣ ዌርሃውስ የሚሉት የዕቃ መጋዘን ያስቀጠረኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። አባታችንን በልጅነቴ ስላጣሁ፣ ወንድሜ ለእኔ ወንድም ብቻ አልነበረም። ከዚህ በላይ እንዴት እንደምለው አላውቅም።

ያኔ ዕቃ የሚያደርስ ቫን ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከኮለምበስ ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር እሽግ ሊያደርስ ሄዶ፣ ግቢ ውስጥ የቆመች አሮጌ አርቪ ላይ "ይሸጣል" የሚል ካርቶን ያያል። አርቪ ማለት ቤትም መኪናም የሆነ ነገር ነው። ከፊት ይነዳል፤ ከኋላ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። ባለቤቷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ናቸው። ሌላ አርቪ ስለገዙ ይቺኛዋን ሊሸጡ ነው። ምን ልታደርግባት ነው ብለው ጠየቁት። ወንድሜ አላሰበበትም ነበርና ልጓዝባት ነው አላቸው። ወዴት ሲሉት ግን መልስ አልነበረውም። እንግዲያው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ና፣ ወዴት እንደሚኬድባት አሳይሃለሁ አሉት።

ያሳዩት ፉትቦል ነው፤ አሜሪካኖቹ በእጅ ይዘው የሚሮጡትን። በኮለምበስ መስከረም ከገባ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ቀይ ይለብሳል። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ወደ ሌላ ግዛት ሲሄድ ደግሞ አርቪ ያለው ሰው አርብ ተነስቶ ይከተለዋል። ስታዲየሙ አጠገብ፣ ፓርኪንግ ሎት በሚሉት የመኪና ማቆሚያ ያድራል። ጠዋት ሥጋ ይጠብሳል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ጨዋታውን አይቶ እሁድ ይመለሳል። ሽማግሌው በአዲሷ ከፊት፣ ወንድሜ ከሳቸው በገዛት አሮጌዋ ከኋላ እየሆኑ ስንት ከተማ ዞሩ። ወንድሜ ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት ስለማይሆንለት "ጋሼ" ይላቸው ነበር። ትርጉሙን ሲነግራቸው ወደዱት። ቆይቶ አጠገባቸው የሚያቆሙት ነጮች ሁሉ "ጋሼ፣ ቢራ አለህ ወይ?" ማለት ጀመሩ።

እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ጨዋታው አልገባኝም። ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነስተው ይሰበሰባሉ፣ ይማከራሉ። ይኼ ኳስ ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ ብዬ ወንድሜን ጠየቅሁት። "አንተ ሳህን አጥበህ ለመጨረስ ስንት ጊዜ ነው የምትቀመጠው?" አለኝ። "እነሱስ ቢያርፉ ምን አለበት?"

እሱ ራሱ ከጨዋታው ይልቅ የሚወደው ፓርኪንግ ሎቱን ነበር። እዚያ የማያውቅህ ሰው ሳህን ያቀብልሃል። ከየት መጣህ ሳይልህ ወንበር ይስብልሃል። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ያየው እዚያ ብቻ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2020 ኮቪድ መጣና ሁሉም ነገር ቆመ። ስታዲየሙ ያለ ተመልካች ቀረ። ሽማግሌው ሉዊስ ሴንተር ያለውን ቤታቸውን ሸጠው፣ ኑሯቸውን አርቪ ውስጥ አድርገው ፍሎሪዳ ወረዱ። የእኛዋ አሮጌ አርቪ የዕድራችን ሰብሳቢ ግቢ ውስጥ ቆመች። ቅዳሜ ሲሆን ወንድሜና ሽማግሌው በየቴሌቪዥናቸው ያንኑ ጨዋታ ከፍተው ስልክ ላይ ይጯጯሁ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ወንድሜ ታመመ። ሳል ነው አለ። ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃተው። ሆስፒታል ስወስደው በር ላይ ተቀበሉኝ፤ እኔ መግባት አልተፈቀደልኝም። ቦርሳውን ለነርሷ ሰጠኋት። ሄደ። ዘወር ብሎ እጁን አነሳ። ከዚያ ወዲያ ያየሁት በስልክ ነው፤ በኋላ ደግሞ በስልክም ማየት ቀረ።

ዌርሃውስ ምሳ ሰዓት ላይ ነበርኩ። የዕቃ መመዝገቢያዋን ስካነር አላስቀመጥኳትም፣ እጄ ላይ ናት። ስልኬ ጠራ። አንዲት ሴት ቀስ ብላ ስሜን አረጋገጠች፤ ከዚያ አዝናለሁ አለችኝ። ደግ ድምፅ ነበራት። ማይክሮዌቩ ውስጥ ምግቤ እየዞረ ነበር። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጨርሰሃል ወይ አለኝ። ጨርሻለሁ አልኩትና ቦታውን ለቀቅሁለት።

ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ነበርን፤ እርስ በርሳችን ተራርቀን ቆመን። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ ቤት የለም። ሰው ምግብ በር ላይ አስቀምጦ ከመኪናው እጁን እያውለበለበ ይሄዳል። የዕድሩ ሰው በዙም ተሰብስቦ አለቀሰልኝ፤ አንዱ ሲያለቅስ የሌላው ልጅ የሚያየው ካርቱን ይሰማል። በወጉ የተረዳችው እናታችን ብቻ ናት። አዲስ አበባ ዘመድ ተሰባስቦ፣ ቄስ ጨምሮ፣ ጎህ ሳይቀድ በሯን አንኳኩ። ግራና ቀኝ ይዘው ነገሯት። እህቷ እቅፍ ውስጥ ወደቀች። ይህን ስሰማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ቀናሁባት።

በረዶው ቀልጦ ሣር ማብቀል ሲጀምር የወንድሜ ስልክ ጠራ። አልዘጋሁትም ነበር፤ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ስሙን ሳየው "ጋሼ ፉትቦል" ይላል። የዕድሩ ሰብሳቢ ሊጠይቁኝ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ጎልማሳ ሳሉ በሱዳን በኩል ስደት የወጡ፣ ኮለምበስ ውስጥ ከብዙዎቻችን በፊት የቆዩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸውን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ የበርበሬና የእንጀራ ሱቅ አላቸው። ስልኩን አሳየኋቸውና ምን ልበል አልኳቸው።

"አንሳና ሥራ ላይ ነው በል" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እንዴት ብዬ?"

"መርዶ በስልክ አይነገርም። በዚህ ዓመት ስንቱን በስልክ አረድን። አንተንስ ማን አረዳህ? መልክህን እንኳ የማታውቅ ሴት። እኚህን ሰውዬ እንደ ሰው ሄደን እናረዳቸዋለን።"

አነሳሁት። ወንድሜ ሥራ ላይ ነው አልኩ። ሽማግሌው በርታ በለው አሉና የዓይን ሕክምና እንዳላቸው፣ እስከ ጥቅምት ወደ ሰሜን እንደማይመጡ ነገሩኝ። ቤት የላቸውም፤ የት ሄደን እናርዳቸው? ፍሎሪዳ ሩቅ ነው፤ እኛም ሥራ አለን። በጋውን ሙሉ ቴክስት እያደረጉ ከረሙ። ስለ ተጫዋቾቹ ይጽፋሉ፤ የያዙትን ዓሣ ፎቶ ይልካሉ። እኔ አንዳንዱን ብቻ እመልሳለሁ፤ አጭር አድርጌ። በመጨረሻ ተመልካች ወደ ስታዲየም ተመልሷል፣ ጥቅምት ላይ ኢንዲያና ያለውን ጨዋታ ሁለት ቲኬት ገዝቻለሁ፣ የድሮው ቦታችን እንገናኝ ብለው ጻፉ። ለሰብሳቢው አነበብኩላቸው። "በቃ፣ ቀኑን ራሳቸው ቆረጡት" አሉ። እንመጣለን ብዬ መለስኩ።

አርብ ጠዋት አርቪዋን አስነሳናት። ባትሪዋ ሞቶ ነበር፤ ሰብሳቢው ከመኪናቸው ገመድ ዘርግተው አስነሱልኝ። እትዬ የሽሮና የምስር ድስት፣ አንድ ቅርጫት እንጀራ፣ የታጠበ ነጠላ ይዘው ቀድመውኝ ገቡ። ተከትዬ ስገባ አልጋው ሥር ያለ ነገር አንስተው ቁም ሳጥን ውስጥ ሲያስገቡ አየኋቸው። የወንድሜ የቤት ጫማ ነው። እሳቸው እንዳላዩኝ ሆኑ፣ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

እኔ ነዳሁ። ሰብሳቢው አጠገቤ፣ እትዬ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ። ሁለቱም ይህን ያህል ዘመን ኮለምበስ ኖረው ፉትቦል ማየት ቀርቶ የስታዲየሙን በር አልፈው አያውቁም። እትዬ ገና ከተማውን ሳንለቅ ቤቱን መመርመር ጀመሩ።

"ሽንት ቤቱ ከምድጃው ክንድ አይርቅም" አሉ። "ይኼን የሠራው ሰው እናት አላሳደገችውም?"

"ከገዳሪፍ የመጣሽው በምን ነበር?" አሏቸው ሰብሳቢው ዞር ሳይሉ።

"ያኔማ ስደተኛ ነበርኩ። አሁን የቤት ባለቤት ነኝ።"

ሳቅን። ከዚያ ብዙ ሳንነጋገር ሄድን። በቆሎው ታጭዶ ሜዳው ባዶ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሰብሳቢው በእንግሊዝኛ ለሽማግሌው የሚሉትን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይለማመዳሉ። አልፎ አልፎ አንድ ቃል ይጠይቁኛል። "'ዕጣ ፈንታ'ን ምን ትሉታላችሁ?" አላውቀውም አልኳቸው። ባንዲራ የሰቀሉ መኪኖች ክላክስ እያደረጉ ያልፉናል፤ የእኛም አርቪ ላይ ወንድሜ የለጠፈው የቡድኑ ምልክት ስላለ ነው። አንዲት ልጅ በመስኮት ወጥታ እጇን ስታውለበልብልን ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አነሱላት።

እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው። እንደደረስን ልነግራቸው። በሩን ከፍቼ ወርጄ፣ ሌላ ቃል ሳልጨምር። ሰብሳቢው ግን ነገሩን ወስነውታል፤ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሰው ሌሊቱን ተኝቶ፣ ቀኑ ሙሉ ከፊቱ ሆኖ፣ ለቀስተኛ በዙሪያው ሆኖ ነው መስማት ያለበት። ማታ የተረዳ ሰው ከጨለማ ጋር ብቻውን ያድራል።

ሊመሽ ሲል ደረስን። ፓርኪንግ ሎቱ በአርቪ ተሞልቷል። ሽማግሌው መንገዱ መሀል ቆመው ነበር። አርቪዋን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አነሱ፤ ከጎናቸው የያዙትን ክፍት ቦታ እያሳዩ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያሉ አስገቡኝ። ከስተዋል። ሮጥ እያሉ ወደ ሾፌሩ በር መጡና እኔን አገኙ።

"ወንድምህስ?" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ሰብሳቢው ከዚያ ማዶ ሆነው በእንግሊዝኛ "ነገ ጠዋት" አሉ። ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ሽማግሌው ይኼ ሥራ አለቅህ አለው አይደል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ የሁለቱን አዛውንቶች እጅ ጨበጡ። የወንድሜ ዘመዶች መስለዋቸዋል።

ወንበር አወጡልን። ለእኛ ሦስት፣ ለራሳቸው አንድ፣ አንድ ደግሞ ጨምረው ዘረጉ፤ ድንገት በሌሊት ከደረሰ ብለው። ቋሊማ ሊጠብሱ ሲሉ አርብ ነው፣ እንጾማለን ተባሉ። ወንድሜም አርብ አርብ እንዲሁ ያደርግ እንደነበር ትዝ አላቸውና ጥብሱን ትተው ከእኛ ጋር ሽሮ በሉ። እየበሉ ስለ ወንድሜ አወሩ። መጀመሪያ ከሰል ሲያቀጣጥል ቅንድቡ ተቃጥሎ ወሩን ሙሉ የተገረመ ሰው መስሎ እንደከረመ አወሩ። ፔንስልቬንያ ውስጥ መንገድ ስቶ የሰው ሠርግ ግቢ ገብቶ እንዳቆመ፣ ሙሽራው ና ውረድ ብሎት አብሯቸው እንደጨፈረ አወሩ። እኔ ይኼን ሰምቼው አላውቅም። ሳቅን። ሁላችንም ነው የሳቅነው። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱና ጭሱ ነው አሉ። እሳት አልነበረም።

ሽማግሌው ሊተኙ ሲገቡ ትርፏን ወንበር እንደተዘረጋች ተዉዋት።

አርቪው ውስጥ ሰብሳቢውን ለመንኳቸው። "ልሂድና ልንገራቸው ጋሼ። እየጠበቁት እንዴት ይደሩ?"

"በልተው፣ ስቀው ነው የገቡት" አሉኝ። "ይችን አንድ ሌሊት እንተውላቸው። ለአንተ ማን ተወልህ?"

ጫማዬን አውልቄ ጋደም አልኩ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። ሎቱ ጸጥ ብሏል፤ ራቅ ብሎ አንድ ጀነሬተር ብቻ ይሰማል። ሦስታችንም ነጠላ ለብሰናል። ሰብሳቢው አንኳኩ። ሽማግሌው በፒጃማ ሆነው ከፈቱ፤ መጀመሪያ ያዩት ከኋላችን ነው፤ ወንድሜን ፈልገው። ውረዱ አልናቸው፤ ወረዱ። ሰብሳቢው ቀኝ ክንዳቸውን፣ እትዬ ግራቸውን ያዙ። የሚረዳ ሰው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ነው የሚያዘው። ሽማግሌው ግን አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያሉ።

ሰብሳቢው የተለማመዱትን ጀመሩ። ሁላችንም እንግዳ ነን አሉ። የሰጠ ጌታ ይወስዳል አሉ። ከንጉሥ እስከ ድኻ ይችን በር ያላለፈ የለም አሉ። በአማርኛ ቢሆን ገና የመጀመሪያው ቃል ላይ ማንም ሰው ይገባው ነበር፤ ጩኸቱ ይጀመር ነበር። ሽማግሌው ግን በትሕትና ፈገግ አሉ። ወዳጆቼ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ የራሴ ቤተ ክርስቲያን አለኝ አሏቸው። ሊሰብኳቸው የመጡ መስሏቸዋል።

ሰብሳቢው ቆሙ። ሌላ የተዘጋጀ ነገር የላቸውም። ወደ እኔ ዞሩ። እትዬም ወደ እኔ ዞሩ።

አንድ ነገር ልናገር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያንን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር። ሌላው ሰው ነው የሚለው። "ወንድምህ አረፈ"፣ "ያን የመሰለ ልጅ አጣን" ይሉኛል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አዲስ አበባ ላለው ዘመድ የደወሉት ሰብሳቢው ናቸው፤ ሥራ ቦታም አለቃዬ ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ማንም እንድለው ጠይቆኝ አያውቅም።

"ወንድሜ ሞቷል" አልኳቸው።

በእንግሊዝኛ በጣም አጭር ነው። ሽማግሌው አልጮኹም፤ አልወደቁም። ቆሙ። ከዚያ ክንዳቸውን ከሁለቱም እጅ ቀስ አድርገው አስለቀቁ።

"መቼ?"

"ታኅሣሥ። ኮቪድ ነው።"

"የቱ ታኅሣሥ?"

"ያለፈው።"

ፊታቸው ላይ ወራቱን ሲያስቡ አየሁ። ዓሣው፣ ዓይናቸው፣ ቲኬቱ። ለማን ሲጽፉ እንደከረሙ ሲገባቸው አየሁ።

"በጋውን ሙሉ አንተ ነበርክ የምትመልስልኝ" አሉኝ። "ትናንት ማታ ስለ እሱ እያወራሁ ሳስቃችሁ፣ ወንበር ሳወጣለት፣ ታውቁ ነበር።"

አዎ አልኳቸው።

ገብተው በሩን ዘጉት። በኃይል አላጋጩትም። ቀስ ብለው ነው የዘጉት፤ ያ ይብሳል።

እኔ እንሂድ አልኩ። ቁልፉን እየፈለግሁ ነበር። እትዬ ግን የሽማግሌውን በር ፊት ለፊት አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

"በር ተዘጋብኝ ብሎ ከለቅሶ ቤት የሚሄድ የት አገር ነው?" አሉኝ። "ያለቅሱ። ይቆጡ። እኛ እዚሁ ነን።"

ተቀመጥን። ሎቱ ነቃ። ዙሪያችን ጭስ ተነሳ፣ ሙዚቃው ተከፈተ፣ ቀይ የለበሱ ልጆች እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በላያችን ይወራወሩ ጀመር። እኛ ነጭ ለብሰን ዝም ብለን ነው የተቀመጥነው። አንድ ጎረምሳ መጥቶ ምግቡ ስንት ነው ብሎ ጠየቀን፤ ሻጮች መስለነዋል። እትዬ እንጀራ በምስር ጠቅልለው ሰጡትና ሂድ ብላ አሉት። ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ። ለነሱም ሰጧቸው። የሽማግሌው በር አልተከፈተም።

የጨዋታው ሰዓት ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ወደ ስታዲየሙ ፈሰሰ። ሎቱ ባዶ ሆነ። ከሩቅ ጩኸቱ ይመጣል፤ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል። ሽማግሌው ሁለት ቲኬት ነበራቸው፤ አልወጡም። ሰብሳቢው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እትዬ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ መሰለኝ። እኔ በሩን አያለሁ። ካሁን በኋላ ባይወጡስ እላለሁ። ወንድሜን በደንብ የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር ከእኔ ሌላ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ካጣሁ የፔንስልቬንያውን ሠርግ የሚያውቅ አይኖርም።

ወጡ። ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ዓይናቸው አብጧል። እኛን ሲያዩ ደነገጡ።

"አልሄዳችሁም?" አሉ።

ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው አልኳቸው። ሰው መጥቶ ይቀመጣል፤ ምንም አያደርግም፣ ይቀመጣል ብቻ። ለወንድሜ ይህ አልተደረገለትም፤ ለእኔም አልተደረገልኝም። ከዚያ ለምን በስልክ እንዳልነገርኳቸው ላስረዳ ሞከርኩ። የምሳ ሰዓቱን ነገርኳቸው። ስካነሯን፣ ማይክሮዌቩን፣ ጨርሰሃል ወይ ያለኝን ሰው። እንግሊዝኛዬ እዚህ ጋ ተደነቃቀፈ። እርስዎም እንደዚያ እንዲሰሙ አልፈለግንም አልኳቸው።

ተቀመጡ።

"ስልክ ብትደውልልኝ እመጣ ነበር" አሉ። "በዚያው ቀን እነሳ ነበር። ቀብሩ ላይ ስንት ሰው ነበረ?"

"ጥቂት።"

"አንድ እጨምር ነበር።"

ይህን ለሰብሳቢው ተረጎምኩላቸው። ነቅተው ነበር። ረጅም ጊዜ መሬቱን አዩ። ከዚያ "ልክ ናቸው" አሉ። "የራሳችንን ወግ ስንጠብቅ የሳቸውን አላየንም። ይቅር ይበሉን በልልኝ።" አልኩላቸው። ሽማግሌው እሺም እምቢም አላሉም። ያቺ "አንድ እጨምር ነበር" ያሏት ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ናት። ከፍሎሪዳ ያን ሁሉ መንገድ ነድተው፣ በብርዱ መጥተው፣ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብለው መቃብሩ አጠገብ ሲቆሙ አያለሁ። ሊሆን ይችል ነበር።

እትዬ ሳህን አቀረቡላቸው። አልበላም አሉ። እትዬ ሳህኑን አላነሱም፤ እጃቸው ደክሞ እስኪወርድ ይዘው ቆሙ፤ በመጨረሻ ሽማግሌው አፍረው ተቀበሉ። ትንሽ በሉ። እየበሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ከመጀመሪያው ንገረኝ። እንዴት ነው የታመመው?"

ነገርኳቸው። ሳሉን፣ ደረጃውን፣ የሆስፒታሉን በር ነገርኳቸው። ቦርሳውን ነርሷ ስትወስደው ዘወር ብሎ እጁን እንዳነሳ ነገርኳቸው። በዙም ለተሰበሰበው ሰው ይህን አልተናገርኩም፤ ለእናቴም አልተናገርኩም። ለእናቴማ አልተሠቃየም ብያታለሁ። ለሳቸው ግን በዚያች ትንሽ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም አወጣሁት። ስታዲየሙ በየመሀሉ ይጮኻል፤ ያኔ ቆም እላለሁ፤ ጩኸቱ ሲያልፍ እቀጥላለሁ። ሽማግሌው አላቋረጡኝም። አንድ ቦታ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሰብሳቢው ወንበራቸውን አስጠጉ፤ በዚህ ጊዜ አልያዟቸውም፤ አጠገባቸው ሆኑ ብቻ።

ጨዋታው አለቀና ሰዉ እየዘፈነ ተመለሰ። ያሸነፈው የእኛ ቡድን ነው። ከጎናችን ያለው አርቪ ባለቤት፣ ሽማግሌውን ከድሮ የሚያውቃቸው ወፍራም ሰውዬ፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ከፈተና በሁለት እጁ ቢራ ይዞ መጣ። ጋሼ፣ የት ጠፋህ፣ ያንን የመሰለ ጨዋታ አመለጠህ አላቸው። ስንት ለስንት እንደሆነም ነገራቸው።

ሽማግሌው ቀና አሉ።

"ሙዚቃውን ዝቅ ብታደርግልን" አሉት። "ሰው ሞቶብናል።"

ሰውዬው እኛን አየ፤ ነጠላችንን አየ። ማን ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ከኋላ ወዳለችው አሮጌ አርቪ በአገጫቸው አሳዩት። ሰውዬው ገባው። ቢራውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሄዶ ሙዚቃውን ዝቅ ሳይሆን ጨርሶ ዘጋው። ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱም ለቀጣዩ ነገረች። በዚያ መስመር አንድ በአንድ ጸጥ አለ።

እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ነው ያለቀስኩት፤ በጣም ጮኼ፣ እንደ አገራችን። እትዬ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉኝ። ነጮቹ ወንበራቸውን እያነሱ መጡ፤ ምን እንደሚባል አያውቁም፤ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡም አያውቁም። ማንም አልነገራቸውም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ዙሪያችንን ተቀመጡ፤ መብራቶቹ እስኪበሩ ድረስም የተነሳ ሰው አልነበረም።